ሐዘኑ ያልወጣለት ሰው የት ይሂድ?

ልደታ ውስጥ ሆድ የባሰው ሰው በእግሩ የሚደርስባቸው ሦስት በሮች አሉ። አንደኛው የልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። ሁለተኛው ፍርድ ቤቱ ነው፤ አዲስ አበቤ “ልደታ ቀጠሮ አለኝ” ካለ ስለ ችሎት እያወራ እንደሆነ ማንም ይረዳል። ሦስተኛው በክፍለ ከተማው ሌላ ጫፍ ያለው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው። አንዱ በር ለነፍስ፣ አንዱ ለሙግት፣ አንዱ ለሥጋ። ባሏ ከሞተ ዓመት አልፎት እንቅልፍ ያጣች ሴት ግን ከሦስቱ የትኛውን ታንኳኳ? ቤተ ክርስቲያኑ ጸሎት ያደርግላታል፣ ፍርድ ቤቱ የወራሽነት ማስረጃ ይሰጣታል፣ ሆስፒታሉ ደግሞ ለብዙ ዘመን ደሟን መርምሮ “ምንም የለብሽም” ብሎ ሸኝቷታል።

አንድ ሰው በር ዘግቶ ቁጭ ብሎ ሌላውን የሚያዳምጥበት፣ ማዳመጡም ራሱ ሕክምና የሚባልበት ክፍል በዚህ ሀገር ዕድሜው አጭር ነው። ብዙዎች የፈረንጅ ቅንጦት ያደርጉታል። በሌላ ወገን ያሉት ደግሞ “ቴራፒ” የሚለውን ቃል ከቲክቶክ ተምረው ከነሱ በፊት በዚህ ሀገር ማንም ተጨንቆ፣ ማንም ተጽናንቶ የማያውቅ ይመስል ያወራሉ። ታሪኩ ለሁለቱም አይመችም።

ከቤት እንጀምር። የኢትዮጵያ ሐዘን የቀን መቁጠሪያ አለው። ቀብር፣ ሥልስት፣ ሰባት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት። እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት ምግብ ይዞ ይመጣል፣ ሐዘንተኛው ለቀናት ብቻውን አይተውም። ሳያለቅስ ቢቀር አልቃሽ ታስለቅሰዋለች፤ ከልክ በላይ ቢያለቅስ ሽማግሌ “በቃህ” ይለዋል። ጊዜው ሲደርስ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ ከሉን ያስወልቀዋል። ማንም ይህን ሕክምና ብሎ አልጠራውም እንጂ ሥራው ሕክምና ነው፤ ሐዘኑ መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ እንዲኖረው ያደርጋል።

ከለቅሶ ውጭም ሌላ አለ። የግንቦት ልደታ ዕለት የሰፈር ሴቶች ንፍሮውን ቀቅለው፣ ዳቦውን ቆርሰው፣ ቡናውን አፍልተው ደጅ ላይ ይሰበሰባሉ። የዓመቱ ምርቃትና ስለት እዚያው ይነገራል፤ “ባለፈው ዓመት እንዲህ ሆኜ ነበር፣ ደረሰችልኝ” ትላለች አንዷ፣ ሌላዋ ታለቅሳለች፣ ሌላዋ ትስቃለች። የንስሐ አባትም አለ። ሰው የልቡን ነግሮት ምስጢሩን እንዳያወጣ ሥርዓት የሚከለክለው ሰሚ ይህ ሀገር ከሳይኮሎጂ ትምህርት በፊት ብዙ መቶ ዓመታት ያውቀዋል። በጋብቻ ጠብ ደግሞ ሽማግሌ ይቀመጣል።

ዛርንም መዝለል አይቻልም፤ ብዙ የተማረ ሰው መዝለል ይወዳል እንጂ። ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ከዳካር ተነስቶ ጅቡቲ ከሚያበቃው የጥናት ቡድን ጋር ጎንደር ሲደርስ፣ መልካም አያሁ የተባሉ ባለ ዛር ቤት ወራት እየተመላለሰ ያየውን መዘገበ። አሜሪካዊው የአንትሮፖሎጂ ምሁር ሳይመን ሜሲንግ በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው ጽሑፍ የጎንደርን የዛር ማኅበር “የቡድን ሕክምና” ብሎ ጠራው። ሐሳቡ ቀላል ነው። በቤቷ ድምፅ የሌላት ሴት ዛር ሲወርድባት ትናገራለች። “ሽቶ አምጡልኝ፣ ቀሚስ ግዙልኝ፣ አታስከፏት” የሚለው እሷ አይደለችም፣ ዛሩ ነው። ባል እሷን ባይሰማ ዛሩን ይፈራል። ታማሚዋ ከዛሯ ጋር ተስማምታ መኖርን ትማራለች፣ እንደሷ “የዛር ፈረስ” ከሆኑ ሰዎች ጋር ማኅበር ትገባለች። ሃይማኖቱ አይፈቅደውም፣ ሳይንሱም በስሙ አይጠራውም። ማንም ያልሰማት ሴት የምትሰማበት ቤት መሆኑን ግን ሜሲንግ በትክክል አይቷል።

ይህን ሁሉ ብሎ “አያቶቻችን ሁሉንም ያውቁ ነበር” ማለት ግን ቀልድ ነው። ይኸው ማኅበረሰብ የታመመ ልጁን ከግንድ አስሯል፣ ጋኔን ለማስወጣት ደብድቧል፣ በጭስ አፍኗል። የሚጥል በሽታ ያለበትን እሳት ላይ ሲወድቅ “ይተላለፋል” ብሎ ሳይነካው አልፏል። ለቅሶው ራሱ ሁሉንም ሟች እኩል አያለቅስም። ራሱን ያጠፋ ሰው ፍትሐት ይከለከል ነበር፤ ቤተሰቡም አንገቱን ደፍቶ ይቀበራል። ልጇ በሆዷ የሞተባት እናት ድንኳን አይተከልላትም። “ገመና” የሚባለው ነገር ደግሞ አለ። ሽማግሌው ቢሰማም ሽማግሌው ጎረቤት ነው፤ ዛሬ የተነገረው ነገ ቡና ላይ ይቀርባል። ስለዚህ ሰው “ሆድ ይፍጀው” ብሎ ይተወዋል።

ዘመናዊው የአእምሮ ሕክምና ወደ አዲስ አበባ የገባው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ከመርካቶ ብዙ ሳይርቅ፣ በአማኑኤል ቤተ ክርስቲያን ስም የሚጠራው ሆስፒታል የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ ሲሆን ለብዙ አሥርት ዓመታት በመላ ሀገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖረ። ከጎሬም ከአሰብም የታመመ ሰው የሚመጣው ወደዚያው ነው። ሲመጣም አብዛኛውን ጊዜ ታስሮ፣ ጠበሉም ሁሉም ተሞክሮ ካበቃ በኋላ፣ ቤተሰቡ ተስፋ ሲቆርጥ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ስም ስድብ ሆነ፤ “አማኑኤል የሚገባ” ማለት እስከ ዛሬ ምን ማለት እንደሆነ ልጅ ሳይቀር ያውቃል። እንዲህ ባለ ቦታ ሐኪሙ ማዳመጥ ቢፈልግ እንኳ ጊዜ ከየት ያምጣ? አጥሩ፣ ኪኒኑ፣ መርፌው ያስተዳድራል። በዚያ ሁኔታ የሠሩትን መውቀስ ተገቢ አይደለም፤ የመላ ሀገርን ሸክም በአንድ ግቢ ተሸክመዋል።

ከዚያ ግቢ ወጥተው ሕዝቡ ራሱ የት እንደሚታከም ለማየት ከሄዱት ቀደምት ሐኪሞች አንዱ ሆላንዳዊው ሮበርት ኺል ነው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ ሲሠራ፣ በዚያን ጊዜ ጊዮን ትባል ወደ ነበረችው ወሊሶ ሄዶ በአባ ወልደ ትንሣኤ ዙሪያ የሚሰበሰበውን ሕዝብ ከባልደረቦቹ ዮሴፍ ገዛኸኝና ቫን ላውክ ጋር አጠና። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1968 ታተመ። ሳይኪያትሪስት ሆኖ አንድን አጥማቂ ለመሳቅ ሳይሆን ለመረዳት መሄዱ በራሱ በዘመኑ የተለመደ አልነበረም። ኋላ ከኢትዮጵያውያን ጋር፣ ከመጀመሪያዎቹ የሀገሪቱ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች አንዱ ከሆኑት ከዶክተር ፍቅሬ ወርቅነህ ጋርም፣ አብሮ ጽፏል። የዚያ ዘመን ሥራዎች ደጋግመው ያሳዩት አንድ ነገር አለ። በጠቅላላ ክሊኒክ “ራሴን ያቃጥለኛል፣ ሆዴን ይነፋኛል፣ ልቤን ይወጋኛል” ብሎ የሚመጣው ሕዝብ ውስጥ ሕመሙ ከኑሮው የመጣ ብዙ ሰው አለ። አማርኛው ራሱ ይነግረናል። “ሆዴ ባባ”፣ “ሆዴን በላኝ”፣ “ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው” የሚል ሕዝብ ሐኪም ፊት ሲቀርብ ሆዱን ቢያሳይ ምን ያስደንቃል?

ከዚያ አብዮቱ መጣ። የቀይ ሽብር ታሪክ ብዙ ተጽፏል፤ በፖለቲካው። ከዚህ ጉዳይ ጋር የሚገናኘው ግን ለቅሶው ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 እና 1978 ልጃቸው መንገድ ዳር ተጥሎ ያገኙት ወላጆች ማልቀስ ተከለከሉ። ድንኳን የለም፣ ከል የለም፣ እድር አይደርስም። አስከሬን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የተጠየቁም ነበሩ። ሀገሪቱ በብዙ መቶ ዓመት የሠራችው የሐዘን መድኃኒት በአንድ ትእዛዝ ታገደ። ያ ትውልድ ዛሬ አያት ሆኗል፤ በየቤቱ ፎቶው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ፣ ስሙ ግን የማይነሳ ወጣት አለ።

ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት፣ እ.ኤ.አ. በ1987፣ አማኑኤል የሥነ አእምሮ ነርሶችን ማሠልጠን ጀመረ። ይህ ውሳኔ ከብዙ ጫጫታ ካላቸው ውሳኔዎች የበለጠ ሠርቷል። ሠልጥነው የወጡት ነርሶች በክፍለ ሀገር ሆስፒታሎች ክፍል ከፈቱ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የጅማ ወይም የደሴ ሰው ልጁን አስሮ አዲስ አበባ ድረስ መምጣት የማይገደድበት ዕድል ተፈጠረ። ዛሬም ቢሆን በብዙ ከተሞች “የጭንቅላት ሐኪም” የሚባለው ነርስ ነው።

በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ቡታጅራ የዚህ ሕክምና መዝገብ ሆነች። በፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው የተሠሩት ጥናቶች መጀመሪያ የጠየቁት “ሕዝቡ የአእምሮ ሕመም የሚለው ምኑን ነው?” ብለው ነበር። መልሱ ብዙ መናገር፣ ጠበኛነትና እንግዳ ጠባይ ሆነ። ልብ በሉ፤ ዝም ብሎ ጥግ ይዞ የሚቀመጠው፣ ምግብ የጠላው፣ ሌሊቱን ዓይኑ ፈጦ የሚያድረው በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። እሱ “ተጨንቋል”፣ “ሐሳብ ገብቶታል” ነው የሚባለው፤ ማንንም አያስቸግርምና ማንም ሐኪም ጋ አይወስደውም። ከዚያ በኋላ በዚያው ወረዳ ከ68 ሺህ በላይ ሰው ቤት ለቤት ተጠይቆ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ተለዩ። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. ለ2012/13 እስከ 2015/16 ባወጣው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ የተደገመው ድምዳሜ ከዚህ ዓይነት ሥራ የመጣ ነው፤ ከባድ ሕመም ካለባቸው ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሕክምና አግኝተው አያውቁም።

በዚያው ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ሌላ ጥያቄ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 ከኤርትራ ተፈናቅለው የመጡ ኢትዮጵያውያን በከተማዋ ጊዜያዊ መጠለያዎች ዓመታት ኖሩ። ዶክተር መስፍን አርአያ የዶክትሬት ሥራቸውን የሠሩት በእነዚህ ሰዎች ላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ስዊድን ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ አቀረቡት። የጠየቁት ሰው ምን ያህል ተጎዳ ብቻ ሳይሆን ምን አቆመው የሚለውንም ነው። ችግርን የሚቋቋምበት መንገድና በዙሪያው ያለ ሰው ድጋፍ፣ የደረሰበት መከራ ኑሮውን በሚያበላሽበት መጠን ላይ ለውጥ እንደሚያመጡ አሳዩ። ነገሩ ሲነገር ተራ ይመስላል። ሕክምናን ለሚያቅድ ሰው ግን ትልቅ ነገር ነው፤ ድንኳኑን ሳታይ ውስጥ ያለውን ሰው ብቻ ማከም አይቻልም ማለት ነውና።

እንግዲህ ወደ ልደታ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሥራ የጀመረው ጥቁር አንበሳ የሕክምና ፋኩልቲው ዋና ማስተማሪያ ሆኖ ሁሉንም ዓይነት ስፔሻሊስት ሲያፈራ፣ የሥነ አእምሮ ሐኪም የሚሆን ሰው ግን ውጭ ሄዶ መማር ነበረበት። የሄደም ብዙ ጊዜ አይመለስም። እ.ኤ.አ. በ2003 በመላ ሀገሪቱ የነበሩት ሳይኪያትሪስቶች 11 ነበሩ። አሥራ አንድ፤ ለ70 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ። በዚያ ዓመት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ትምህርት ክፍል የራሱን የስፔሻሊቲ ሥልጠና ጀመረ፤ ከካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በዓመት ሦስት ጊዜ ለአንድ ለአንድ ወር እየመጡ ከኢትዮጵያውያኑ ጋር እንዲያስተምሩ ስምምነት ተደረገ። በኢትዮጵያ በኩል ፕሮፌሰር አታላይ፣ በቶሮንቶ በኩል ዶክተር ክሌር ፔይን ከመሥራቾቹ ነበሩ።

ይህ ስምምነት ከሌሎች የሚለይበት ነገር አለው። መምህራኑ የሚመጡት ኢትዮጵያውያኑ ሲጠሯቸው፣ ኢትዮጵያውያኑ የጠየቁትን ለማስተማር ነው። ተማሪው ውጭ አይላክም፤ መምህሩ ይመጣል። ሐኪሙ ሥልጠናውን ሲጨርስ የሚያውቀው የአዲስ አበባን ታማሚ፣ በአማርኛና በኦሮምኛ የሚያለቅስን ሰው ነው። ውጤቱ ታይቷል፤ ተመራቂዎቹ አብዛኞቹ እዚሁ ቀሩ፣ በክልል ዩኒቨርሲቲዎችም ትምህርት ክፍል ከፈቱ። እ.ኤ.አ. በ2008 ትብብሩ ከሥነ አእምሮ አልፎ ወደ ሌሎች ሙያዎች ሰፋ።

ከተጠየቀው ትምህርት አንዱ የንግግር ሕክምና ነበር። የመረጡት ዓይነትም አስተዋይነት አለበት። ጄራልድ ክለርማንና ሚርና ዋይስማን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የቀመሩት፣ በሰው ለሰው ግንኙነት ላይ የቆመ ሕክምና አለ። ሶፋ ላይ ተጋድሞ ስለ ሕፃንነት ዓመታት ማውራት የለበትም። በተወሰኑ ሳምንታት ያልቃል። ድባቴው የጀመረው መቼ ነው፣ በዚያ ሰዓት ከማን ጋር ምን ሆነ ብሎ ይነሳና አራት ነገር ይፈልጋል፦ ሐዘን፣ ጠብ፣ የኑሮ መለወጥ፣ ብቸኝነት። እነዚህ አራቱ ለልደታ ሰው አዲስ ናቸው? ሐዘኑ እድር ቤት አለ፣ ጠቡ ፍርድ ቤቱ ደጅ ተሰልፏል፣ የኑሮው መለወጥ ከፈረሰው ሰፈር ተጭኖ ሄዷል፣ ብቸኝነቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጧል።

በአፍሪካም ተሞክሮ ነበር። በደቡብ ምዕራብ ኡጋንዳ 30 መንደሮች በተካተቱበት ጥናት፣ ሐኪም ያልሆኑ የአካባቢው ሰዎች ለሁለት ሳምንት ሠልጥነው በቡድን አወያዩ፤ 16 ሳምንት፣ በሳምንት አንድ ቀን። ተመራማሪዎቹ ሲጀምሩ የሕዝቡን ቃል ነበር የጠየቁት፤ “ራስን መጥላት” እና “ለራስ ማዘን” የሚሉ ሁለት የመንደሩ የሕመም ስሞች አገኙና በእነሱ ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ውጤት፣ ከውይይቱ በኋላ ድባቴ የቀረባቸው ከተሳተፉት 6.5 በመቶ፣ ካልተሳተፉት 54.7 በመቶ ነበሩ። በዚምባብዌም ዲክሰን ቺባንዳ የተባለ ሳይኪያትሪስት ሐራሬ ውስጥ ሴት አያቶችን አሠልጥኖ በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጧቸዋል። በሾና ቋንቋ የሕመሙ ስም “ማሰብ መብዛት” ነው። የእኛው “ሐሳብ” ማለት ነው።

በጥቁር አንበሳ ዶክተር ዳዊት ወንድምአገኝና ባልደረቦቻቸው ከቶሮንቶዋ ፓውላ ራቪትዝ ጋር ሆነው ይህን ሕክምና ለኢትዮጵያ አመቻችተው ማስተማር ጀመሩ። ምን ማለት እንደሆነ በምሳሌ ይታይ። አንዲት የ45 ዓመት ሴት ራሷን አሟት፣ እንቅልፍ አጥታ መጣች እንበል። ሐኪሟ ኪኒን ጽፎ በአምስት ደቂቃ ከመሸኘት ይልቅ “በሕይወትሽ ያሉት ሰዎች እነማን ናቸው?” ብሎ ይጠይቃታል። ባል፣ ልጆች፣ እህት፣ የማኅበር ጓደኞች፣ የንስሐ አባት። ከእያንዳንዱ ጋር እንዴት ነሽ? ማን ይሰማሻል? ማንስ ዘግቶሻል? ከጥያቄው አንድ ነገር ይወጣል፤ ሕመሙ የጀመረው ልጇ ወደ ቤይሩት ከሄደች በኋላ ነው። ልጅቱ አልሞተችም፤ ስለዚህ ለቅሶ የለም። ግን የለችም። ጎረቤት “ልጅሽ ትልካለች፣ ታድለሽ” ይላታል። ሐኪሙ ያንን ማጣት በስሙ ይጠራላታል፣ የሕመም ስሙንም ይነግራታል፣ ጥፋቱ የሷ እንዳልሆነም። ከዚያ ሳምንት ከሳምንት የሚሠራ ነገር ይሰጣታል፤ ለልጅቷ በስልክ ያልተባለውን ማለት፣ ያቋረጠችውን ማኅበር መመለስ፣ ከባሏ ጋር ያንን ወሬ መክፈት። ኪኒን ካስፈለገም ይታከላል።

“ርኅራኄ” የሚለው ቃል በዚህ ሥራ ፀባይ ብቻ አይደለም፣ ሙያ ነው። ጎረቤትም ይራራል፤ ጎረቤት ግን ምክር ለመስጠት ይቸኩላል፣ የራሱን ሐዘን ያወራል፣ “እግዜር ያውቃል፣ ተይው” ብሎ ይዘጋዋል። የሠለጠነው ሰሚ ዝም ማለት ተምሯል። ምስጢር መጠበቅ ተምሯል። የሚሰማው ነገር ለራሱ ሲከብደው ወደ መምህሩ ሄዶ ይመክራል። ከውጭ የመጣው ይህ ዲሲፕሊን ነው፤ ርኅራኄው ከበፊቱም ነበረ።

አካሉም ይቀጥላል። ክሌር ፔይን እ.ኤ.አ. በ2006 ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር ያወጣችው መጽሐፍ የሚከራከረው በከባድ መከራ ያለፈ ሰው ሕመሙን በሰውነቱ እንደሚይዘው፣ ወሬ ብቻውን እንደማይበቃው ነው። ሆዱን እያሳየ ሐኪም ጋ የሚመጣ ሕዝብ ይህን ሲሰማ “አሁን ገባችሁ?” ቢል አይፈረድበትም።

እምነቱስ? እዚህ ላይ እንጦጦ ማርያም ያለው ሥራ መጠቀስ አለበት። ጠበሉ ቦታ ላይ የአእምሮ ሕክምና ክሊኒክ ተከፍቶ ካህናቱና ሐኪሞቹ አንድን ታማሚ አብረው ያያሉ፤ ዶክተር ዮናስ ባሕረጥበብና ዶክተር ዳዊት ከቶሮንቶው ሳሙኤል ሎው ጋር እ.ኤ.አ. በ2021 ስለዚህ ትብብር ጽፈዋል። ለብዙ ዓመት ጠበል የገባ ሰው “መድኃኒት ከወሰድህ እምነትህ ጎደለ” እየተባለ ኪኒኑን ጥሏል፤ ሆስፒታል የገባውም “ጠበሉን ተው” ተብሎ ከሆስፒታል ጠፍቷል። ካህኑ ራሱ “ጠበልህን ተጠመቅ፣ መድኃኒትህንም ዋጥ” ሲለው ክርክሩ ያበቃል። ለአንድ ሰው ነፍሱን ከዚህ፣ ጭንቅላቱን ከዚያ ቆርጦ ማከም እንደማይቻል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

አሁን የሚያስጨንቀው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2009 እና 2010 ጀምሮ ልደታ የመዲናዋ የመጀመሪያው ትልቅ የመልሶ ማልማት ሰፈር ሆነች፤ ወደ 26 ሄክታር ላይ የነበሩ የቀበሌ ቤቶች ፈረሱ፣ ፎቅ ተሠራ። የቤቶቹ ሁኔታ የሚናፈቅ አልነበረም፤ ጣሪያው ያፈሳል፣ መጸዳጃው ለስንት አባወራ አንድ ነው። ነገር ግን ከቤቱ ጋር የፈረሰው እድር፣ የቡና ጎረቤት፣ የግንቦት ልደታ ደጅ በማንም የካሳ ሠንጠረዥ ላይ አልተጻፈም። በቅርብ ዓመታት የኮሪደር ልማቱ በብዙ ሰፈር ይህንኑ በፍጥነት ደግሞታል። ሐዘንተኛን ብቻውን የማይተወው አሠራር ሰው ሰውን በእግሩ መድረሱ ላይ የቆመ ነበር።

ክፍተቱን የሚሞላ አልጠፋም። በየፎቁ “ካውንስሊንግ”፣ “ሕይወት አሠልጣኝ”፣ “የፈውስ ማዕከል” የሚል ታፔላ እየበዛ ነው። ከእነዚህ ውስጥ በትክክል የተማሩ፣ ሌሊት ስልክ የሚያነሱ አሉ። ሁለት ቀን ሥልጠና ወስደው የሰው ቁስል የሚቆፍሩና መዝጋት የማይችሉም አሉ። ታማሚው በምን ይለያቸው? “የት ተማርህ፣ ፈቃድህ የት አለ፣ ያልኩህን ለማን ትነግራለህ?” ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። የመንግሥቱ በርም ርካሽ ነው፣ ወረፋው ግን ያስመርራል። ለአእምሮ ሕክምና ተብሎ የተሠራው ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2020 ወረርሽኙ ሲመጣ የመጀመሪያው የኮቪድ ማዕከል መሆኑ ቅደም ተከተሉን በደንብ ይናገራል።

ይህ ሁሉ የከተማ ሰው ጉዳይ የሚመስለው ካለ ጥቅምት 2016 ዓ.ም. ያስታውስ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈርሞ ጦርነቱ ካበቃ ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ፣ በትግራይ የሦስት ቀን ሐዘን ታወጀና ቤተሰቦች የልጆቻቸውን መርዶ በአንድ ሰሞን ሰሙ። አንድ መንደር ውስጥ በአንድ ቀን ብዙ ቤት ሲያለቅስ ማን ማንን ያጽናናል? ቀባሪውም ሐዘንተኛ ነው። በአማራና በአፋር በኩል ደግሞ እስከ ዛሬ መርዶ ያልደረሳቸው፣ ልጃቸው ይሞት ይኑር የማያውቁ፣ አስከሬን ስለሌለ ድንኳን ያልተከሉ ቤቶች አሉ፤ አማራ ክልል ላይማ ሌላ ጦርነት ተደርቦበታል። ከቀይ ሽብር ወዲህ ለቅሶ ያልወጣለት ሐዘን እንዲህ ተከማችቶ አያውቅም። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 ያጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ እውነት ስለማፈላለግና ስለ ካሳ ይናገራል። እውነት የሚነገረው ግን በሰው አፍ ነው። ተጎጂዋ ኮሚሽን ፊት ቆማ የደረሰባትን ከተናገረች በኋላ ማታ ወደ ቤቷ ስትመለስ፣ በወረዳዋ ጤና ጣቢያ የሚጠብቃት የሠለጠነ ነርስ መኖር አለመኖሩ በበጀት መዝገብ ላይ የሚታይ ነገር ነው።